ጥቂት ግን ትልልቅ እንቁላሎች፦ የነፍሳት መዋለድ ጥናትና የኢትዮጵያ ነፍሳት

አተላ በተደፋበት ደጃፍ ወይም ሙዝ ከልክ በላይ በበሰለበት ጓዳ የምታንዣብብ አንዲት ትንሽ ዓይነ ቀይ ዝንብ አለች። ሰው በእጁ እፍ እፍ ብሎ ያባርራታል እንጂ ቁም ነገር ብሎ አያያትም። የዘረመል ሳይንስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው በእሷ ነው። ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 ከቀይ ዓይኖቹ መካከል አንድ ዓይነ ነጭ ወንድ አግኝተው ዘረመል በክሮሞዞም ላይ እንደሚቀመጥ ያሳዩት በዚህች ዝንብ ነው። ኸርማን ሙለር በ1927 ጨረር ዘረመልን እንደሚለውጥ ያረጋገጡትም በእሷ ነው። ክርስቲያነ ኑስላይን ፎልሃርድና ኤሪክ ቪሻውስ ደግሞ በ1980 ባወጡት ሥራ፣ ሽሏ ራሷንና ጅራቷን፣ እያንዳንዱን የሰውነት ክፍሏን በየትኞቹ ዘረመሎች እንደምትለይ ዘርዝረው በ1995 ኖቤል ተሸለሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የላብራቶሪ ታሪክ ነው። በደጋ የምትኖረዋ ዝንብስ? ይህን በኢትዮጵያ ዝንቦች ከጠየቁት መካከል በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዘረመል ተመራማሪው ጆን ፑል ይገኙበታል። ከሰላሌዋ ፍቼ፣ 3070 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰበሰቡ ዝንቦች ዘር በጠርሙስ እየተራባ ከዛምቢያ ቆላ ከመጡ ዘመዶቹ ጋር ለዓመታት ተነጻጽሯል። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት የዚህ ዝርያ ጥቁረት በዓለም ጫፍ የሚደርሰው በኢትዮጵያ መሆኑን አሳየ። ጥቁረቱ ከሁሉ በላይ የሚሄደው ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር መጠን ጋር ሆኖ ተገኘ። በ2016 ደግሞ የፑል ቡድን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አወጣ። የፍቼ ዝንቦች እስከዚያ ከሚታወቁት የዚህ ዝርያ ዝንቦች ሁሉ በአካል ይበልጣሉ፣ እናቶቻቸውም ከዛምቢያዎቹ ያነሱ እንቁላሎች ይጥላሉ። እያንዳንዱ እንቁላል ግን ትልቅ ነው። ትልቅ ለመሆን ደግሞ ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ የዕድገት ጊዜ አልወሰደባቸውም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ልጁ በጊዜ ብዛት ሳይሆን ከእናቱ በያዘው ስንቅ ቀደም ብሎ ተነሳ ማለት ነውና። ተመራማሪዎቹ ወደ ሕዋስ ወርደው ሲመለከቱ የክንፉ ስፋት የመጣው በብዛት ከሕዋሳት ቁጥር መጨመር ነበር። በደረትም በክንፍም ግን የሕዋሱ መጠን ራሱ አድጓል፤ የኒውክሊየሱ ስፋትም በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ የክሮሞዞሙ ቅጂ ሳይበዛ እንዳልቀረ ጠቆመ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የዚሁ ቡድን ጥናት የዚህን ትልቅነት ዋጋ አሳየ። የደጋው ዝንብ ክንፍ ሰፍቷል፣ ነገር ግን የክንፍ አሠራሩ ድሮ የነበረውን ጽናት አጥቷል። በዘረመሉ ላይ ሌላ ጉዳት ሲጨመርበት ከቆላው ዝንብ ይልቅ የተበላሸ ክንፍ ያበቅላል።

የነፍሳት መዋለድ ጥናት ዋናው ጥያቄ በእኔ እይታ ይኸው ነው። ብዙ ወልዶ ለዕድል መተው ወይስ ጥቂት ወልዶ መሰነቅ? እናት ለልጇ የምትሰጠውስ በምን መንገድ ይደርሳል? በእንቁላል አስኳል ነው፣ በወተት፣ በሆድ ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ፣ ወይስ በሆርሞን ምልክት? ጥያቄው ረቂቅ ይመስላል እንጂ አንበጣን፣ ገንዲን፣ ወባንና ማርን ሁሉ ይነካል። ይህ ዳሰሳ በኢትዮጵያ የሚታወቁትን ነፍሳት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ እያዞረ ማን ምን እንደሠራና የት እንደቆመ ለማየት የተጻፈ ነው።

ዳሰሳውን በተሁለደሬ አርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ ቆሞ መጀመር ይቻላል። አርዲቦ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተኝቶ ውኃውን በአንከርካ ወንዝ ወደ ታችኛው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ሐይቅ ይልካል። ዙሪያው ማሳ ነው፣ ከማሳው በላይ ተራራ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ ቢወርዱ ሙቀት፣ ወደ አምባሰል ሸንተረሮች ቢወጡ ብርድ ይጠብቃል። ለሰው ግማሽ ቀን የማይሞላ የመኪና መንገድ የሆነው ለነፍሳት የተለያየ ዓለም ነው።

ወሎ ከነፍሳት ጋር ያለው ትዝታ በአብዛኛው መራራ ነው። በ2020 መኸር የበረሃ አንበጣ የወሎን ማሽላና ጤፍ ሲወርር የታየው ከሰማይ የወረደ የሚመስል መዓት ነበር፤ ምሥጢሩ ግን እናት ለልጅ የምታስተላልፈው ነገር ላይ ነው። የአንበጣ ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 እንዳመለከቱት ብቸኛውና መንገኛው አንበጣ አንድ ዝርያ ናቸው። በብቸኝነት የምትኖር እናት በአንድ ጉድጓድ ከ90 እስከ 160 እንቁላል ትጥላለች። በመንጋ የምትኖረው ቁጥሩን ከ80 በታች ታወርዳለች፤ ከእሷ የሚፈለፈሉት ኩብኩባዎች ግን ትልልቅ፣ ጥቁርና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ መንጋ የሚሳቡ ናቸው። የፍቼ ዝንብ በብዙ ትውልድ የደረሰችበትን አንበጣዋ በአንድ ትውልድ ታደርገዋለች፣ ዘረመሏ ሳይለወጥ። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በብቸኛው አንበጣ አካል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠባዩን ወደ መንጋነት እንደሚያዞረው አሳይቷል። የበረሃ አንበጣ የዘረመል መዝገብ ረቂቅ የታተመው ወረራው በነበረበት በ2020 ነው፣ ከሰው መዝገብም ሦስት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። በ1962 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በአዲስ አበባ ቢሆንም ሥራው አሰሳና ርጭት ነው። መርጨት ግዴታ መሆኑን የወሎ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን በአገሩ ዋና ከተማ አንበጣን ከስድሳ ዓመት በላይ ሲጠብቅ የኖረ ተቋም እያለ፣ እንቁላል የምትጥለዋን እናት የሚመረምር ላብራቶሪ አጠገቡ አለመብቀሉ ያስቆጫል።

የገብስ ክሽክሽ ታሪክ አጭር ነው። ተመራማሪዎቹ አዱኛ ኃይሌና ተሰማ መገናሳ በሸዋ፣ በወሎና በትግራይ የገብስ ማሳ ላይ ያካሄዱት የክሽክሽ አሰሳ በ1987 ታትሟል። የዚህች ነፍሳት አስገራሚው ነገር አባት አለመፈለጓ ነው። እናት ያለ ወንድ ሴት ልጆች ትወልዳለች፣ ልጆቹም ሲወለዱ በሆዳቸው የራሳቸውን ልጆች ሽል ይዘው ነው። ሦስት ትውልድ በአንድ አካል ውስጥ ሲያድግ ማሳው በጥቂት ሳምንት ይሞላል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ለገብስ የሚፈራውም በዚህ ነው።

ንብ ጉዳዩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ትወስደዋለች። ንግሥቲቱ ያልጸነሰ እንቁላል ስትጥል ድንጉላ ይሆናል፤ የጸነሰው ሴት ይሆናል። ይህን ዮሐን ጅየርዞን የተባሉ የሲሌዢያ ቄስ በ1845 ገልጸውት ነበር። ምሥጢሩ በሞለኪውል ደረጃ የተፈታው በ2003 ነው፤ ጾታን የሚወስን አንድ ዘረመል ተገኘና፣ ብዙ ዓይነት ቅጂዎች እንዳሉት ታየ። አንድ እንቁላል ከእናቱና ከአባቱ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ካገኘ ሴት ይሆናል። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን የጸነሰው እንቁላል ለምንም የማይሆን ወንድ ያበጃል፣ ሠራተኞቹም ገና በእጭነቱ ይበሉታል። ንግሥቲቱ ከዘመዶቿ ጋር ከተገናኘች እስከ ግማሽ የሚሆነው እንቁላሏ በዚህ መንገድ ይጠፋል። ሰፈፉን አንስቶ የተመለከተ ንብ አናቢ የሚያየው እዚህም እዚያም ባዶ የሆነ፣ የተቦዳደሰ እጭ ነው። ንብ አናቢው ንቡ ደከመ ይላል፤ የደከመው ግን የቅጂው ብዛት ነው።

ይህ ለገጠሩ ቀላል የማይባል ፍሬ ነገር አለው። በባህላዊው አያያዝ ንብ አናቢው ቀፎውን በወይራ አጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቅላል፣ ከየትም የመጣ መንጋ ይገባበታል። የንግሥቲቱም ግንኙነት በሰማይ ላይ፣ ከብዙ ቀፎ ከመጡ ድንጉላዎች ጋር ነው። ማንም ሳያቅድ የዘር ብዛቱ ይጠበቅ ነበር። በአንጻሩ ዘመናዊ ቀፎ ለወጣቶች ሲታደል፣ መንጋውም ከአንድ ገበያ እየተገዛ ወይም ከጥቂት እናት መንጋዎች እየተከፈለ ሲባዛ፣ ይህ ሚዛን ሊዛባ ይችላል። ከ2016 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአማራ ክልልና በሌሎችም ሥፍራዎች ወጣቶችን በማርና በሐር ሥራ ሲያሰማራ ቆይቷል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሲስፋፋ የመንጋ አባዢዎቹ የሚፈልጉት ቀፎ መሥራት የሚችል አናጢ ብቻ አይደለም፤ የንግሥት ዘር የሚቆጥር ሰውም ነው።

የኢትዮጵያ ንብ ጥናት ትልቁ ጉልበቱን ያወጣው ግን በዚህ ላይ ሳይሆን ዓይነቱን በመለየት ላይ ነው። በ1965 የተቋቋመው የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ተመራማሪ የነበሩት አምሳሉ በዛብህ ከኑሩ አድጋባና ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 በአካል ልኬት አምስት የንብ ዓይነቶች እንዳሉ ጻፉ። በ2011 ደግሞ የማሪና ማይክስነር ቡድን የለም፣ የኢትዮጵያ ንብ በጠቅላላው አንድ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ነው አለና ከሰሜን ተራሮች ስሙን ወስዶ ሲመንሲስ ብሎ ሰየመው። ክርክሩ ዛሬም በክንፍ ቅርጽና በሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቀጥሏል። ክርክሩን አላቃልለውም፤ ነገር ግን የምንከራከርበት ንብ አንድም ይሁን አምስት፣ ለአምባሰሉ ንብ አናቢ የሚጠቅመው ንቡ በየትኛው ወር ለመንጋ እንደሚነሳ፣ የደጋው ንብ ከቆላው ሲገናኝ ምን እንደሚሆን፣ ያ የጾታ ዘረመል በአካባቢው ስንት ቅጂ እንዳለው ነው። ልኬቱ ወደዚህ ጥያቄ የሚወስድ መንገድ እንጂ መድረሻ መሆን አልነበረበትም።

ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ ወደምታስተላልፈው ወደ ቆላ ዝንብ ስንመጣ ሙሉ ታሪክ እናገኛለን፣ ስኬትም ውድቀትም ያለበት። የቆላ ዝንብ እንደ አንበጣም እንደ ክሽክሽም አይደለችም። በአንድ ጊዜ አንድ እንቁላል ታዘጋጃለች፤ እጩ በማሕፀኗ ውስጥ ተፈልፍሎ እዚያው ከእጢ በሚፈስ ወተት ያድጋል። በዘጠኝ ወይም በአሥር ቀን አንዴ፣ ክብደቱ ከእናቱ ጋር የሚቀራረብ አንድ እጭ ትወልዳለች፣ እሱም አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል። በሕይወቷ ከአሥር የማይበልጡ ልጆች ቢኖሯት ነው። የዝርያዋ የዘረመል መዝገብ በ2014 ሲታተም፣ በእርግዝና ጊዜ ከእናቲቱ የዘረመል ሥራ ግማሽ ያህሉ ለ12 የወተት ፕሮቲኖች እንደሚውል ታየ። ወተቱ ውስጥ ደግሞ ዊግልስዎርዚያ የተባለ ባክቴሪያ ለልጅ ይተላለፋል። በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይህን ባክቴሪያ ያጣች ዝንብ በሕይወት ትኖራለች፣ ግን መካን ትሆናለች።

ይህች ጥቂት የምትወልድ እናት ነች በነፍሳት ተመራማሪው በኤድዋርድ ክኒፕሊንግ ሐሳብ መረብ ውስጥ የገባችው። ክኒፕሊንግና ባልደረባቸው ሬይመንድ ቡሽላንድ ከሙለር ጨረር ተነስተው ወንዱን ዝንብ በጨረር አምክኖ መልቀቅን አመጡ። በ1954 የካሪቢያኗ ኩራሳዎ ደሴት ከብት ላይ ቁስል ከሚፈጥረው ዝንብ በዚህ መንገድ ነጻች። ዘዴው በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴትም በ1990ዎቹ አጋማሽ የቆላ ዝንብን አጠፋ። ኢትዮጵያ በ1997 ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25,000 ካሬ ኪሎሜትር ላይ ፕሮጀክት ስትጀምር ተስፋዋ ይኸው ነበር። በ2007 በቃሊቲ የዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል ተመረቀ። ዝንቧ በጎማ መሰል ሽፋን በኩል የከብት ደም ትመጠምጣለች፤ ሴቶቹ ከሙሽሬ ቀድመው ሁለት ቀን ገደማ ስለሚወጡ ከወንዶቹ ይለያሉ፤ ወንዶቹ በጋማ ጨረር መክነው በዴሜ ተፋሰስ አካባቢ ከአውሮፕላን ይለቀቁ ነበር። ፕሮጀክቱ በኋላ የቆላ ዝንብና ገንዲ በሽታን የሚቆጣጠር ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ሆነ።

ችግሩ የመጣው ከዚያው ከጥቂት ልጅነት ነው። በተፈጥሮ ጥቂት የምትወልድ ዝንብ በዱር ለማጥፋት ትመቻለች፤ በፋብሪካ ለማራባት ግን ከባድ ናት። በሳምንት አሥር ሺህ መካን ወንድ የሚፈልግ ፋብሪካ ስንት እናት እንደሚመግብ ማስላት ይቻላል። እናቶቹ አብረው ሲመገቡ ደግሞ በምራቃቸው የሚዛመት አንድ ቫይረስ ማራቢያዎቹን አጠቃ፤ የምራቅ እጢያቸውን አሳብጦ መውለዳቸውን ይቀንሳል። ከአርባ ምንጭ አካባቢ ወደ ኦስትሪያ ሳይበርስዶርፍ ተወስዶ የተራባው ዘር በ2002 ከነአካቴው ጠፍቷል። መፍትሔው የተገኘው በዓመታት ላብራቶሪ ሥራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ሌላው ያልነካው ደም ማቅረብና ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒት በደሙ ውስጥ መጨመር። ይህን መሰሉ ነገር በፕሮጀክት እቅድ ውስጥ አስቀድሞ አይጻፍም። የሚያገኘው አንድን ነፍሳት አሥር ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። የሴኔጋል ኒያየስ አካባቢ በተመሳሳይ ዘዴ ገንዲን ከሞላ ጎደል ያስወገደው፣ መሬቱ የተገለለና ትንሽ በመሆኑ ብቻ አይመስለኝም፤ የዝንቡን ሥነ ሕይወት የሚያውቁ ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው ስለነበሩም ነው።

አንድን ነፍሳት የሚጠብቅ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ለማየት ቶማስ ኦዲያምቦን ማስታወስ ይበቃል። ኬንያዊው ኦዲያምቦ በካምብሪጅ በቪንሰንት ዊግልስዎርዝ ሥር ዶክትሬታቸውን ሠሩ። (ያለ እሱ የቆላ ዝንብ የምትመክንበት ባክቴሪያ የተሰየመው በእኚሁ መምህር ስም ነው።) ከዚያ የወንድ በረሃ አንበጣ የመራቢያ እጢዎችን አንድ በአንድ በመዘርዘር ተከታታይ ጽሑፎች አወጡ። ርዕሱ ለገበሬ የሚናገረው ያለ አይመስልም ነበር። በ1970 ናይሮቢ ላይ ኢሲፔን ያቋቋሙት ግን እኚሁ የእጢ ተመራማሪ ናቸው። ፍኖተ ሰላም የተወለዱት ሰገነት ቀለሙ ከ2013 እስከ 2023 የመሩት ተቋምም እሱ ነው። ሰገነት የተክል በሽታ ተመራማሪ ናቸው እንጂ የነፍሳት አይደሉም፤ ቢሆንም አንዲት ኢትዮጵያዊት የአህጉሩን ትልቁን የነፍሳት ምርምር ማዕከል አሥር ዓመት ስትመራ በአገሯ ተመሳሳዩ አለመኖሩ ጥያቄ ያስነሳል።

በኢትዮጵያውያን መካከል ለዚህ ጥናት ጫፍ በጣም የቀረቡት ጥበቡ ሀብተወልድ ይመስሉኛል። መነሻቸው ኮንሶ ውስጥ ከብትና የወባ ትንኝን ያገናኘ የመስክ ሥራ ነው። ኋላ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ገብተው በትንኝ ውስጥ የወባ ተሕዋስ እንዴት እንደሚያድግ ማጥናት ያዙ። በ2022 አስትሪድ ኸርማንና እሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ሥራ፣ የወባ ትንኝ ደም ስትመጥ አንጀቷ ውስጥ ሁለት ፕሮቲኖች እንድታመነጭ ዘረመሏ ተቀየረ። አንደኛው ከእንቁራሪት፣ ሌላኛው ከንብ መርዝ የተገኘ ነው። ተሕዋሱ ወደ ምራቅ እጢ የሚደርስበት ጊዜ በቀናት ዘገየ፤ ትንኟም ዕድሜዋ አጠረ። የዱር ትንኝ ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ስለምትሞት ወባ ለማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይጠባል። በኢምፔሪያል የተጀመረው ይህ ፕሮጀክት ቀጣይ ቤቱን ያገኘው ታንዛኒያ ኢፋካራ የጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው።

ከዚህ የተለየው መንገድ መዋለዱን ራሱን መቁረጥ ነው። በ2018 የእነ አንድሬያ ክሪሳንቲ ቡድን የትንኝን ጾታ የሚለይ ደብልሴክስ የተባለ ዘረመል የሚያበላሽ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ከተለመደው በላይ የሚወረስ ለውጥ ሠራ። ለውጡን ከሁለቱም ወላጅ የወረሰች ሴት መንከስም መውለድም አልቻለችም፤ በሳጥን ውስጥ የነበረው ሕዝብ ከ7 እስከ 11 ትውልድ ባለው ጊዜ ጠፋ። እንዲህ ያለ ትንኝ በመስክ ተለቅቆ አያውቅም። በቡርኪና ፋሶ በ2019 ይህ ራሱን የሚያስፋፋ ለውጥ የሌለባቸው፣ መካን ወንዶች ባና በተባለ መንደር ቢለቀቁም፣ የአገሪቱ መንግሥት በ2025 ነሐሴ ፕሮጀክቱን አግዷል። ጅቡቲ ግን በ2024 ግንቦት ከእስያ የመጣችውን ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ለመግታት ኦክሲቴክ በተባለ ኩባንያ የተሠሩ ወንዶችን ለቀቀች፤ ሴት ልጆቻቸው ሳያድጉ ይሞታሉ።

ስቴፈንሲ የእኛም ጉዳይ ነች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያቷ እሷ መሆኗን የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በሰመራና በአዋሽ መስመር ተገኝታለች፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ይወጣል። በከተማ የውኃ ታንከርና በርሜል ውስጥ ስለምትራባ በበጋም አትቆምም። ነባሯ የወባ ትንኝ ደግሞ ከፍታን እንደምትፈራ ብዙ ሰው ያምናል፤ በ1958 ግን ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ባለው ደጋ ላይ በተነሳ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሞቷል። አርዲቦ የተቀመጠው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

ጎረቤት አገር የተለቀቀ ትንኝ ድንበር አይጠይቅም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ አንድ ቀን አቋም መያዟ አይቀርም። በ2009 የወጣው፣ በ2015 የተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ፈቃድ የሚሰጥበትን መንገድ ያስቀምጣል። ዘረመሉ ከተለወጠ ጥጥ ጋር ያለው ልምድ ግን ራሱን ለሚያስፋፋ ዘረመል አይበቃም፤ ጥጥ በማሳው ይቀራል፣ ትንኝ አይቀርም። የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ባለሥልጣን አጠገብ፣ የአገሩ ትንኝ በስንት ትውልድ ስንት እንቁላል እንደምትጥልና በየትኛው ከፍታ መራባት እንደምታቆም በራሱ እጅ የለካ ሰው ቢኖር ክርክሩ የተለየ መልክ ይኖረው ነበር። እኔ ለመፍቀድም ለመከልከልም አልቸኩልም፤ የሚያስፈራኝ ሁለቱንም በተውሶ መረጃ ማድረግ ነው።

በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ኢትዮጵያ በሁለት በኩል ትታያለች። ነፍሳቱን ትሰጣለች፤ የፍቼዎቹ ዝንቦች ዘር ኢኤፍ በሚል ምልክት በዓለም የዘረመል መዝገብ ላይ ቋሚ ስፍራ አለው፣ የአርባ ምንጭ ቆላ ዝንብ ኦስትሪያ ድረስ ተጉዟል። ዘዴውንም ትቀበላለች፤ የቃሊቲው ጨረር፣ ዘመናዊው ቀፎ። በመሃል ያለው፣ እናት ነፍሳት ለልጇ ምን እንደምታወርስ መጠየቁ፣ እዚህ ብዙም አልተያዘም። በገንዘብ እጥረት ብቻ የሚመካኝ አይመስለኝም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የማስተርስ ጥናት በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ወቅት ነው፤ ተማሪው ተባይ ይቆጥራል፣ መድኃኒት ያወዳድራል፣ ይመረቃል፣ ነፍሳቱን ጥሎ ይሄዳል። ቀጣዩ ተማሪ ሌላ ነፍሳት ይዞ ይመጣል።

ወሎ ግን ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የተሠራ የሚመስል መሬት አላት። የፑል ቡድን ፍቼን ከዛምቢያ ቆላ ጋር ሲያነጻጽር በመሃሉ በሺህ የሚቆጠር ኪሎሜትር ነበር፤ ልዩነቱ ከከፍታ ይምጣ ከርቀት መለየት ቀላል አይደለም። በወሎ አንድ መንገድ ላይ 1500 ሜትር ገደማ ከሆነችው ሐርቡ ተነስቶ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ብርዳሙ ጉጉፍቱ ድረስ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ በሐይቅና በአርዲቦ በኩል እስከ አምባሰል መውጣት ይቻላል። በየገበያው የበሰለ ሙዝ አለ፣ በየመንደሩ አተላ። የሚያስፈልገው ዕቃ ጠርሙስ፣ እርሾና የዱቄት ገንፎ ነው፤ በ25 ዲግሪ አንድ ትውልድ በአሥር ቀን ያልቃል። ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ዝንብ ለአሥር ዓመት የሚይዝ አንድ መምህር ቢያስቀምጥ ከሠላሳ በላይ ትውልድ በዓመት ይመለከታል። እንቁላሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ ይለካል። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ከሐርቡ ወደ ላይ ሲወጣ እንቁላሉ ቁጥሩ የሚያንሰውና መጠኑ የሚያድገው ቀስ በቀስ ይሁን ወይስ አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ በአንዴ፣ የአርዲቦዋ ዝንብስ ከቆላዋ ወይስ ከደጋዋ ወገን እንደሆነች መለየት ይሆናል።